ከሚያዝያ 18 እስከ 27፤ በጨፋ በኩል ያለፈ ሳምንት

ጋዜጦችና ሬዲዮኖች «ይህ ሳምንት በታሪክ» የሚሉት ዓምድ አላቸው። በዚህ ሳምንት እገሌ የሚባል ንጉሥ ሞተ፣ እገሊት የምትባል መርከብ ሰጠመች፣ እዚያ ማዶ ውል ተፈረመ እያለ ይዘረዝርና ወደ ዘፈን ይሻገራል። ዓምዱን እወደዋለሁ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገሩ ብቻ ነው፤ ሳምንቱ ሁልጊዜ የሚቆጠረው ለንደን፣ ፓሪስ ወይም ዋሽንግተን ላይ ተቁሞ ነው። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከእኛ ዘንድ ቆሜ ልቁጠረው ብዬ ሳምንቱንም ቦታውንም መረጥኩ። ሳምንቱ ከሚያዝያ 18 እስከ ሚያዝያ 27 ያለው ነው። ዐሥር ቀን ሆነብኝ ለሚል አንባቢ፣ ጦር እሑድ ተነሥቶ ቅዳሜ ላይ አያበቃም እለዋለሁ። ቦታው የጨፋ ሸለቆ ነው።

ጨፋን የማያውቀው ጥቂት ነው፤ ልብ ያለው ግን ብዙ አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ አልፎበታል። የጣርማ በርን ጭጋግ አልፎ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎውን ገዝቶ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ኮቱን አውልቆ፣ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራ ቆሬን ከኋላው ጥሎ ወደ ከሚሴ ሲቃረብ፣ በመስኮቱ በኩል ሜዳው ይዘረጋለታል። ቦርከና ያጠጣው፣ በበጋ እንኳ አረንጓዴነቱ የማይለቀው ረግረግ ነው። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፤ በኦሮምኛ ጨፌ ማለት እርጥበት ያለው ለምለም መስክ ነው። ሽማግሌዎች ለሸንጎ የሚቀመጡትም እንዲህ ባለው መስክ ላይ ስለነበር ጉባኤውም ጨፌ ተባለ። ደረቁ ወራት ሲከፋ አፋሩ ግመሉንና ከብቱን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራውም ከየአቅጣጫው ይመጣል። ሣርና ውኃ ባለበት ቦታ ስምምነትም ጠብም አይጠፋምና፣ ጨፋ ሁለቱንም ለምዷቸዋል።

ለጦር ሰው ደግሞ ጨፋ ሌላ ትርጉም አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከሚሴ 1,400 ገደማ ላይ ነች። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚገሰግስ ሁሉ ከተራራ ይወርዳል፣ በዚህ ሜዳ ይነዳል፣ ከዚያ ሌላ ተራራ ይወጣል። መንገዱ የሚቀለው እዚህ ነው፤ ጉልበት የሚፈትነው ከወዲያም ከወዲህም ያለው ነው።

አሁን ወደ 1928 ዓ.ም. እንግባ።

የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን ሆኗል። ንጉሠ ነገሥቱ የተረፈውን ሠራዊት ይዘው ወደ ኋላ ሲመለሱ አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ከአየር የወረደባቸውን መከራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሚያዝያ 7 ቀን የጠላት ጦር ያለ ውጊያ ደሴ ገባ። ጃንሆይ ላሊበላ ደርሰው ጸልየው ሲመለሱ የሚገቡባት ደሴ አልነበረችም። ስለዚህ በወረ ኢሉ ዞረው፣ በፍቼ በኩል አድርገው ሚያዝያ 22 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ያስጠረጉት ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወደ ጦር ግንባር ሲወጡ የሄዱበት፣ ስንቅና ጥይትም በካሚዮን የተመላለሰበት መንገድ ነው። አምስት ወር ሳይሞላ መንገዱን ያሠሩት ንጉሥ በደጋው አቀበት በበቅሎ ሲጓዙ፣ ጠላታቸው በመንገዳቸው ላይ ሞተሩን አስነሣ። መንገድ ባለቤቱን አያውቅም። ድሮ ጠላት እንዳይገባ ገደሉን የሚያምን አገር ነበርን፤ ገደሉን ማለዘብ የጀመርነው ደግሞ ለራሳችን ጦር ብለን ነው። ይህን የምለው መንገዱን ለመንቀፍ አይደለም። ያለ መንገድ አገር እንደማይሆን አውቃለሁ።

ሚያዝያ 18፣ እሑድ ቀን፣ ማርሻል ፒዬትሮ ባዶሊዮ ከደሴ ተነሣ። የኤርትራ አስካሪዎች ከሁለት ቀን በፊት በእግር ቀድመዋል። ከኋላ የተከተለው የሞተር ሠራዊት ከ1,700 በላይ መኪኖችና ከ12,000 በላይ ወታደሮች የያዘ ነበር። ፋሺስቶቹ «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው ሰየሙት፤ ለስም ማውጣት ማን ይደርስባቸዋል! ይህ ሁሉ ብረት ከኮምቦልቻ ወርዶ፣ ሐርቡን አልፎ በጨፋ ሜዳ አጓራ። ጊዜው የበልግ ወር ነው። መንገዱ ጭቃ ሲሆን መኪናው ሰው ሊሸከም ቀርቶ በሰው ትከሻ የሚገፋ ዕቃ ሆነ።

በዚያው እሑድ፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 26 ቀን 1936 መሆኑ ነው፣ ፈረንሳውያን ድምፅ ለመስጠት ተሰልፈው ነበር። የመጀመሪያው ዙር ምርጫ በዚያ ቀን፣ ሁለተኛው በሳምንቱ ሚያዝያ 25 ተካሄደ፤ የግራ ክንፍ ፓርቲዎች ያቆሙት ሕዝባዊ ግንባር አሸነፈ። ፈረንሳይ ለእኛ ሩቅ አገር አልነበረችም። ከጥቂት ወራት በፊት ፒየር ላቫል ከእንግሊዙ ሳሙኤል ሆር ጋር ሆኖ ኢትዮጵያን ከፍሎ ለሙሶሊኒ የሚያድል ዕቅድ አውጥቶ፣ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነው የከሸፈው። አሁን የፓሪስ ሕዝብ የላቫልን ወገን ጥሎ ሌላ ሰው መረጠ። ግን ምን ያደርጋል! የመጀመሪያው ዙር ቆጠራ ሲጀመር መኪኖቹ ከደሴ ወጥተዋል፤ ሁለተኛው ሲጠናቀቅ ጣርማ በርን አልፈዋል። አዲሱ መንግሥት ሥልጣን የያዘው በግንቦት መጨረሻ ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን፣ የግብጽ ንጉሥ ፉአድ ካይሮ ላይ ሞተ። አልጋው እንግሊዝ አገር ሲማር ለነበረው ለ16 ዓመቱ ልጅ ለፋሩቅ ተላለፈ። ዓለምም ስለ ልጁ መልክና ስለ እንግሊዝ የግብጽ ፖሊሲ ብዙ ጻፈ። እኔ ግን ስለ ግብጽ ሳስብ ንጉሡ ሳይሆን ቦዩ ነው የሚታየኝ። በጨፋ ጭቃ የተገፋው እያንዳንዱ መኪና፣ ነዳጁና የወታደሩ ጫማ ጭምር ከኢጣልያ በስዊዝ ቦይ ነበር ያለፈው። የመንግሥታቱ ማኅበር በኢጣልያ ላይ ማዕቀብ ጥያለሁ ሲል ቦዩን አልዘጋም፤ የነዳጅ ዘይትንም ከማዕቀቡ አላስገባም። መርከቦቹ የቦዩን ቀረጥ እየከፈሉ አለፉ። ካይሮ ላይ ንጉሥ ሲቀበር ጨፋ ላይ ሲነድ የነበረው ቤንዚን በዚያች ጠባብ ውኃ የተሻገረ ነበር።

ጉዞውን ያዘገየው አንድ ቦታ ጣርማ በር ነው። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶች በስዊድናዊ አሰልጣኛቸው በሻምበል ታም እየተመሩ በሩን እንዲይዙ ተልከው ነበር። ዕቅዱ ሳይሰምር ቀረ። ሆኖም ገደሉ ላይ መንገዱ ተንዶ ስለነበር ያ ሁሉ የሞተር ሠራዊት ወደ 36 ሰዓት ገደማ በአንድ ቦታ ተገትሮ ድንጋይ ሲሞላ ከረመ። ሠላሳ ስድስት ሰዓት በጦርነት ታሪክ ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ትንሽ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ የገቡት፣ መኳንንቱ ተሰብስበው ዋና ከተማውን ወደ ጎሬ እናዛውር ወይስ ጃንሆይ ጄኔቫ ሄደው ይክሰሱ ብለው የተከራከሩት፣ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት መሄዱን አጥብቀው የተቃወሙት፣ በመጨረሻም መሄዱ የተወሰነው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሚያዝያ 26 ቀን ጅቡቲ ላይ ኤንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ።

ጃንሆይ በባቡር በሄዱበት በዚያው ቅዳሜ ሞስኮ ውስጥ «ፒተርና ተኩላው» የሚባለው የፕሮኮፊዬቭ የልጆች ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ይህን የጻፍኩት ለማነጻጸር አይደለም፤ የዓለም ሳምንት እንዲህ ያለ ጉራማይሌ መሆኑን ለማሳየት ብቻ ነው። ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ባዶሊዮ ሲቃጠልና ሲዘረፍ የሰነበተ ከተማ ውስጥ ገባ።

የዚህን ሳምንት ወሬ ለዓለም ካደረሱት መካከል ሁለት ጋዜጠኞች ይታወሱኛል፤ አንዱ ከመኪኖቹ ጋር፣ ሌላው መኪኖቹ በሚጠበቁበት ከተማ ነበሩ። ኸርበርት ማቲውስ የኒው ዮርክ ታይምስ ሰው ነው፤ በጨፋ ያለፈው ከባዶሊዮ ሠራዊት ጋር ሆኖ ነው። ጆርጅ ስቲር ደቡብ አፍሪካ የተወለደ የለንደን ታይምስ ዘጋቢ ነው፤ ልቡ ከእኛ ጋር ነበር። ከተማው ሲቃጠል የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ውስጥ ተጠልሎ፣ ያውም በዚያው ሳምንት፣ ሚያዝያ 26 ቀን፣ ሠርጉን ደገሰ። ሰው ምን ያህል ጉድ ነው! ማቲውስ በዚያ ጊዜ ለኢጣልያ ወገን ያደላ ነበር፤ በኋላ ግን ስፔን ሄዶ ፋሺስቶቹን ሲያይ ተቃዋሚያቸው ሆነ። ከሃያ ዓመት በኋላም ፊደል ካስትሮን ጫካ ድረስ ሄዶ ያነጋገረ ይኸው ሰው ነው።

ስቲርም ወደ ስፔን ሄደ። ሳምንታችንም ተከተለው ማለት ይቻላል። በዓመቱ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ባዶሊዮ ከደሴ በተነሣ ልክ በዓመቱ፣ ጌርኒካ የምትባል የባስክ ከተማ ከአየር ተደበደበች። ሰኞ ቀን ነበር፤ ሰኞ ለጌርኒካ፣ ልክ እንደ ባቲ፣ የገበያ ቀኗ ነው። አብዛኞቹ አውሮፕላኖች የጀርመን ነበሩ፤ የኢጣልያም ነበሩባቸው። ስቲር በዚያው ሌሊት ከተማዋ እየነደደች ደረሰ። በሁለተኛው ቀን በታይምስ ላይ የወጣው ዘገባው ዓለምን አናወጠ። ፓሪስ ውስጥ የነበረው ፒካሶ ወሬውን ጋዜጣ ላይ አንብቦ፣ አሁንም በዚያው ሳምንት፣ ሚያዝያ 23 ቀን የዝነኛ ሥዕሉን የመጀመሪያ ንድፍ ጣለ።

ጌርኒካን ዓለም ሁሉ ያውቃታል፤ ደግ ነው። ግን ከሰማይ የሚወርድ እሳት በገበያተኛ ላይ ሲዘንብ ምን እንደሚመስል ስቲር ያወቀው በእኛ አገር ነው። ደሴ በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ተደብድባለች፤ ሆስፒታል ሳይቀር ነው የተመታው። በሰሜን ግንባር የወረደው የመርዝ ጋዝ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ ኢጣልያ በመንግሥት ደረጃ አድርጌዋለሁ ብላ ያመነችው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው። ጌርኒካ ፒካሶን አገኘች። ደሴ አላገኘችም። ለዚህ ማንንም አልከስም፤ ግን የጌርኒካ ልደት በጨፋ መንገድ በኩል ማለፉን የሚያነሣ «ይህ ሳምንት በታሪክ» እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን አምስት ዓመት እንዝለል። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር መኪኖቹ በጨፋ እንደገና አጓሩ፤ ያሁኑ ግን ሽቅብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ነው። በብርጋዴር ፒናር የሚመራው አንደኛው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ሚያዝያ 5 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ጣርማ በርን ወርዶ፣ ሸለቆውን አቋርጦ ኮምቦልቻ በር ላይ ከኢጣልያ ጦር ጋር ተፋጠጠ። ኢጣልያኖቹ ከላይ ከአምባው ሆነው በመድፍ ያዩታል። የማረከኝ ክፍል ይህ ነው፤ መድፉ ከፊት ሲያጓራ፣ 500 ያህል ኢትዮጵያውያን አርበኞች በተራራው ዞረው የጠላትን ግራ ክንፍ ያዙ። መንገዱ የመኪና ሊሆን ይችላል፤ ተራራው ግን የእግር ነው፣ የእግሩንም ጥበብ የሚያውቅ ባለአገሩ ነው። ሚያዝያ 14 በሩ ተሰበረ። ደሴ ነጻ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን ነው። ባዶሊዮ ከዚያችው ከተማ በሞተር ከተነሣ ድፍን አምስት ዓመት፣ አንድ ቀን ሳይጎድል፣ አንድ ቀን ሳይተርፍ!

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ። ይህኛው ቀን በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ባዶሊዮ የገባበት ቀን ታስቦ የተመረጠ ነው። የመጡትም በ1928 በመጡበት በፍቼ በኩል ነው። ስቲርም ከሱዳን ጀምሮ በአማርኛ የሚታተም የቅስቀሳ ወረቀት ሲያሰራጭ ከእንግሊዞቹ ጋር አብሮ ነበር። ያ ሳምንት ለአውሮጳ ደግሞ ጨለማ ነበር። ደሴ ነጻ በወጣች ማግስት፣ ሚያዝያ 19፣ የጀርመን ጦር አቴና ገብቶ ባንዲራውን አክሮፖሊስ ላይ ሰቀለ። በ1928 እነሱ ምርጫ ላይ ሳሉ እኛ ስንወድቅ ነበር፤ በ1933 እነሱ ሲወድቁ እኛ ተነሣን።

ስለ ደቡብ አፍሪካውያኑ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ሠራዊት ውስጥ ጠመንጃ የሚይዘው ነጭ ብቻ ነበር። ጥቁሮቹ ሾፌር፣ ቃሬዛ ተሸካሚና የጉልበት ሠራተኛ ሆነው ዘመቱ እንጂ የጦር መሣሪያ አልተሰጣቸውም። የሌላውን አገር ነጻ ሊያወጡ ወጥተው የራሳቸው አገር ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። ጥቁሩና ነጩ እኩል ድምፅ የሰጡበት የደቡብ አፍሪካ ምርጫ የተካሄደው በ1986 ዓ.ም. ነው። ቀኖቹን ሳይ ራሴም ተገርሜያለሁ፤ ከሚያዝያ 18 እስከ 21። ደሴ ነጻ ከወጣች ልክ 53 ዓመት።

በዓሉን በተመለከተ፣ እንደሚታወቀው፣ በጃንሆይ ዘመን ሚያዝያ 27 ይከበር ነበር። ደርግ መጥቶ አዲስ አበባ በእንግሊዞች ጦር ነጻ የወጣችበት መጋቢት 28 ይሻላል አለ፤ የንጉሡን መግቢያ ላለማክበር መሆኑ ግልጽ ነው። በኋላ ደግሞ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ሁለቱም ቀን የአዲስ አበባ ቀን ነው። የደሴዋን ሚያዝያ 18 በክርክሩ ውስጥ ያነሣት አላጋጠመኝም። መንገዱ ግን ከዚያ ወዲህም ጦር አላጣም፤ 1983ም፣ 2014ም የሸለቆው ሰው በዓይኑ ያያቸው ዓመታት ናቸው። ስለ እነዚህ ለመጻፍ ቁስሉ ገና ነው።

ሰዎቹ ምን ሆኑ ለሚለኝ፤ ሙሶሊኒ የተረሸነው ሚያዝያ 20 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፤ ሂትለር ራሱን የገደለው በሁለተኛው ቀን። ሁለቱም በዚሁ በሳምንታችን ውስጥ። ስቲር ግን አላየውም፤ ከአራት ወር በፊት በመኪና አደጋ ሞቷል። ባዶሊዮ ደግሞ ሌላ ነው። ሙሶሊኒ ሲወርድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ፣ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር ታርቆ፣ ከአሸናፊዎቹ ጎን ተቀመጠ። ኢትዮጵያ መዝገቧን ይዛ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበች። ኮሚሽኑ በ1940 ዓ.ም. ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ ዐሥር ሰዎች ላይ የቀረበውን ክስ ተቀበለ። በዚያ ክስ ፍርድ ቤት የቆመ አንድም ሰው የለም። በጨፋ ላደረገው ጉዞ «የአዲስ አበባ መስፍን» ተብሎ የተሾመው ማርሻል ጥቅምት 22 ቀን 1949 ዓ.ም. በተወለደባት መንደር አልጋው ላይ ሞተ። መንደሯ ግራዛኖ ትባል ነበር፤ በእርሱ ክብር ግራዛኖ ባዶሊዮ ተብላ ስሟ ተቀየረ፤ ዛሬም የምትጠራው በዚሁ ነው።